ራስ በገመድ

አዲስ ዓለም ላይ፥ ከቀሃ ማዶ፥ ከመስጊዱ ጓሮ፥
ሸህ ሙዘይን መጽሐፍ ይደጉስ ነበር፥ ክሩን ከጣቱ ቋጥሮ።
የኔን ዳዊት፥ የሱን ቁርኣን፥ በአንድ ወስፌ፥ በአንድ ጅማት።
«ቆዳ ሃይማኖት የለውም፥» ይላል፥ «ቆዳ የሚያውቀው መልፋት።»

አንድ ክረምት ከዳዊቴ ገበታ ሥር፥ በሙጫ የተለጠፈ
አንድ ቅጠል ወጣ፥ ፊደሉ የዐረብ፥ ዳርዳሩ በብል የረገፈ።
ቋንቋው የፋርስ ነው። ሸሁ ጥቂት ያውቃል፥ ምጽዋ ወደብ የለቀመው፤
የጎደለውን ከራሱ እየሞላ፥ እንዲህ ብሎ ተረጎመው፦

«ካኑ ሞተ። ወራሽም የለው። ምድሩ እንደ አሮጌ ሸማ ተቀዶ፥
አንዱ ሄራትን፥ አንዱ ጉርጋንን፥ አንዱ ሺራዝን ወስዶ፤
የባግዳዱ ደግሞ ሕፃን አንግሦ፥ ዘውዱን በሱ ራስ ላይ ደፍቶ፥
ማኅተሙን በብብቱ ይዞ ያድራል፥ ግብሩን ለራሱ በልቶ።»

«ይቺማ የኛዋ ናት፥» አልኩት፥ «የመሳፍንቱ ዘመን።»
«ወስፌህን ያዝ፥» አለኝ፥ «የሰውን ታሪክ በገዛ ቁናህ አትስፈር።»

ባሽቲን የምትባል መንደር ነበረች። ጭፍሮች መጡ፥ ተሰሪ ነን አሉ።
ምግብ ቀረበ፥ በሉ።
ወይን አሉ፥ ጠጡ።
መሸ። አሁን ደግሞ ሴቶቻችሁን፥ አሉ።
የቤቱ ጌቶች ሁለት ወንድማማች ነበሩ። ተያዩ። መብራቱን አላጠፉም።
«ራሳችን ከገመድ ይዋል፥» አሉ፥ «ይህን ነውር ግን አንሸከምም።»
ሲነጋ ጭፍሮቹ አልተነሡም።

ሸሁ እዚህ ላይ ቆመ፤ ቅጠሉን ወደ መስኮቱ አስጠጋው።
«ስማቸው ይኸው ቀረ፥ ራስ በገመድ።
መስቀያ ተከሉ በከተማ መሐል፥ ጥምጥማቸውን ሰቀሉበት፥
በገዛ ጥምጥማቸው ላይ፥ በገዛ እጃቸው፥ ቀስት ወረወሩበት፤
ሞታችንን ተለማመድነው፥ ብለው።»

በማግስቱ በጃንተከል ዋርካ ሥር ሳልፍ፥ ሳላስበው ቀና አልኩ።
ስንቱን ሰቅለውበታል ይላሉ። ዛሬ ቅርንጫፉ የሚሸከመው ወፍና ጥላ።
መቼም በኛ ቋንቋ ራስ ማለት አንድም ከአንገት በላይ ያለው ነው፤
አንድም ነጋሪት የሚያስመታው ነው፤
አንድም ራስ ማለት፥ እኔ ነው።
ከሦስቱ የትኛው ነው ከገመድ የዋለው?

ሳምንት ቆይቶ ቅጠሉን ገለበጠው።
«ከዚያማ ራሶች ሆኑ፥» አለ፥ ድምፁ ዝቅ ብሎ።
«ደርቪሹ ጸሎት ይላል፥ ወታደሩ ግብር።
ከሄራት ንጉሥ ጋር ገጠሙ። ድሉ እጃቸው ሊገባ ሲል ደርቪሹ ወደቀ።
ሰይፉ ከፊት አልመጣም ይላሉ፤ ከኋላ ነው፥ ከወገን።
ሃምሳ ዓመት ሳይሞላ ዐሥር ያህል አለቃ ተፈራረቀ፤
አብዛኛው በጠላት አይደለም፥ በማዕድ ተካፋዩ ያለቀ።

»ግን አንድ ነገር አላስታጎሉም። ጧትና ማታ አንድ ፈረስ፥
ኮርቻ ተጭኖ፥ ልጓም ጎርሶ፥ ከከተማው በር ይወጣል፤
ይመጣል ለተባለው ጌታ።
ማንም አይቀመጥበትም። ሲመሽ ወደ ጋጣው ይመለሳል፥
ኮርቻው የሰው ሙቀት ሳያውቅ።»

«እኛስ፥» አልኩት፥ «በዚህ ከተማ፥ አንድ ስም ይዘን ንጉሥ ስንጠብቅ አልነበር?»
ሳቀ። «ያንተስ ስም ይግዛው አይደል?
እስቲ ንገረኝ፤ ማን፥ ማንን ይግዛው?»
ያኔ አልመለስኩለትም። እስካሁንም መልስ የለኝም።

ቅጠሉን መልሶ ለጠፈው፥ ካገኘበት ቦታ፥ ከገበታው ሥር፤
ቆዳውን አለበሰው፤ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጁ
መስቀልና ሐረግ ደጎሰበት፥ ለጎረቤቱ ዳዊት።

ሸሁ አሁን ከአንገረብ ማዶ ተቀብሯል።
ዳዊቱ እኔ ዘንድ ነው። ስደግም፥ አውራ ጣቴ ሽፋኑ ላይ
ትንሽ አበጥ ያለች ቦታ ያገኛል።
ከሥሯ አንድ ፈረስ ቆሟል፥
ኮርቻ እንደ ተጫነ።